ጥርሱን ያመመው አንበሳ

ሞጣ፣ መጋቢት ፳ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ ለመሪጌታ ወልደ ኪዳን፣
ቢቸና

አባዬ፣ ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? መልስ ባይጽፉልኝም እኔ መጻፌን አልተውኩም። ልጅዎ አገሬ ከማስተማር ሥራዋ ልትባረር ነው የሚል ወሬ እዚያ ደርሶ ከሆነ አይስጉ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልፏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአራተኛ ክፍል ልጆች አንድ ተረት ፈጥሬ ነገርኳቸው። አንድ አንበሳ ቀን ከሌት ያገሳል። አራዊቱ ተቆጣ ብለው ሸሹት። አንዲት ጥንቸል ብቻ ተመልሳ «ጌታዬ፣ ምን ሆነው ነው?» ብትለው ለካ ጥርሱን አሞት ኖሯል። እዚህ ላይ አቆምኩና «አንበሳው ለእናንተ ማነው? ጥንቸሏስ ምን ታድርግ? መጨረሻውን እናንተ ጻፉ» አልኳቸው። እርስዎ ተማሪዎችዎን ቅኔ ቁጠሩ ብለው እንደሚበትኗቸው፣ እኔም በየባሕር ዛፉ ሥር በተንኳቸው። ሲመለሱ እያንዳንዱን «ለምን?» እያልኩ ጠየቅኩ። ይህን አጠያየቅ ከማን እንደተማርኩት ያውቃሉ፤ ሴት ቅኔ ቤት አትገባም ቢሉኝም አጥሩ ጆሮ አይከለክልም።

«ልጆቹን ሜዳ ላይ በትና ትውላለች» የሚለው ሐሜት ምንም አልነበረ። ክፉው «ጃንሆይን በአንበሳ መስላ ጥርሳቸውን አመማቸው ትላለች» የሚለው ነው። የፈሩት ይደርሳል፤ ትናንት ከደብረ ማርቆስ ተቆጣጣሪ መጡ። መባረሩስ ይሁን፣ እስር ቤቱ ነው የታየኝ።

ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡኝ ወደ ልጆቹ ዞሩና «አንበሳው ማነው?» አሉ። የነጋዴው የይማም ልጅ ሳብሪያ ብድግ አለች።

«አባቴ ነው።»

«እንዴት አባትሽ?»

«ከገበያ ሲገባ ይጮሃል። ሁላችንም ጓዳ እንሸሸጋለን። ምን እንደሆነ የጠየቀው ሰው የለም።»

«ጥንቸሏስ ምን አደረገች?»

«ቅርንፉድ አመጣችለት። አፉን ሲከፍት ፈራች፤ ግን አልሮጠችም።»

ይኼኔ ገላው የሚባል አንድ ቀበጥ ከኋላ ተነሥቶ «የኔ አንበሳ ደግሞ እርስዎ ነዎት፤ ሲገቡ ሁላችንም ደነገጥን» አላቸው። አለቀልኝ አልኩ። ሰውየው ግን እስኪያስላቸው ሳቁ! ከዚያ ወንበር ስበው የቀሩት ልጆች የጻፉትን መጨረሻ ሁሉ አዳመጡ። ሲወጡ «በዚሁ ግፊበት» አሉኝ። እኔ ሰሌዳውን ተደግፌ አለቀስኩ፤ የደስታ ነው።

ሳብሪያ ግን ከሌሎቹ ኋላ ቀርታ «እትዬ፣ የእርስዎስ አንበሳ ማነው?» አለችኝ። አልነገርኳትም።

አባዬ፣ ሞጣ እንዳልመጣ ጮኸውብኝ እንደወጣሁ ይኸው ሁለተኛው ፋሲካ ሊደርስ ነው። እናቴ ጥርስዎን እንደሚያምዎ፣ ለማንም ግን እንደማይናገሩ መልእክት ልካልኛለች። ይህን የሚያደርስልዎ ራሱ ይማም ነው፤ ለንግድ ወደ ቢቸና ይመጣል። ትንሽ ጥቅልል ይሰጥዎታል። ቅርንፉድ ነው፤ ባመመዎ በኩል ያዝ ያድርጉት።

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። ለፋሲካ እመጣለሁ። ቢያገሱም አልሮጥም።

ጉልበትዎን የምትስም ልጅዎ፣
አገሬ ወልደ ኪዳን