በቃህ ባይ ያጣ ለቅሶ

ትርንጎዬ፣ የቤቴ እመቤት፣ የአዳራሹ አዛዥ፤

እንደምን ከርመሻል? ገብስ ሲታጨድ ነበር የተለየሽኝ። ዘንድሮም ታጭዶ ተወቃ፣ ሙት ዓመትሽንም አወጣን፣ እኔም ጥቁሩን አወለቅሁ። ጥቁር እንደማይሆንልኝ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ከሰል ሲሸከም የዋለ ሰው ትመስላለህ ትይኝ ነበር። ግን ባላወለቅሁት ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

ቤቱ ደህና ነው። የጓሮ ጌሾሽ ለምልሟል፣ ዓመቱን ሙሉ የሚቀጥፈው ግን አልነበረም። ፀጉር ቤቱም እንዳለ ነው፤ ሥራዬ ፀጉር ማስተካከል መሆኑን ግን ሰዉ ረስቶታል። አንገቱ ላይ ፎጣ ያሰርሁለት ሁሉ እስቲ ደሴ አንድ ቀልድ ጣል አድርግ ይለኛል። ዝም ስል ዝምታዬም ቀልድ መስሎት ይስቃል። ንፋስ መውጫን ታውቂያታለሽ፤ ወደ ላይ ብሄድ የሚያውቀኝ፣ ወደ ታች ብሄድ የሚያውቀኝ ነው። አንዲት ማዘኛ ጥግ አጣሁ።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ ስልኩ ነው። ያችን መድረክ ላይ የምናሳያትን የለቅሶ ቀልዳችንን ያልቀዳ ጎረምሳ የለም። ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ባልሁበት ሾፌሩ ይከፍታታል። መጀመሪያ የእኔ ለቅሶ፣ ቀጥሎ የአዳራሹ ሳቅ፣ መጨረሻ ላይ የአንቺ ድምፅ። ሳልደርስ ወራጅ እላለሁ።

ቀልዷን የፈጠርሻት አንቺ ነሽ። ከቤተ ልሔም ወዲያ ከአንድ የሩቅ ዘመድሽ ለቅሶ ስንመለስ፣ ያ እየጮኸ የገባው ሰውዬ በቃህ የሚለው ባያገኝ ኖሮ ምን ይውጠው ነበር ብለሽ መንገድ ላይ ቆምሽ። እውነትሽን ነው። ለቅሶ የደረሰ ሰው በገዛ እጁ አያቆምም፤ አንድ ሰው በቃህ ሊለው ይገባል። እኔም መድረክ ላይ ያንን ሰውዬ ሆንሁ። ለቀስተኛው በሙሉ ንፍሮ ላይ ተጥዷል፣ በቃህ የሚል የለም፣ ሰውዬው ለማቆም ያፍራል። አንድ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ ያያል፣ እንደገና ይጮኻል። ሟቹን አወድሶ ሲጨርስ የሟቹን አህያ ማወደስ ይጀምራል። አዳራሹ በሳቅ ሲፈርስ አንቺ ከመጨረሻው አግዳሚ ተነሥተሽ በቃህ ትያለሽ፣ ትርኢቱም ያልቃል። የአንቺ ድርሻ ይህች አንዲት ቃል ብቻ ትመስላለች። ፈቃድ ለማግኘት ከቢሮ ቢሮ የምትመላለሺው፣ ማስታወቂያውን በዱቄት ሙጫ የምትለጥፊው፣ አግዳሚውን ከዕድሩ ለምነሽ የምታመጪው፣ ሰካራሙን ከበር የምትመልሺው ግን አንቺ ነበርሽ። የእኔ ሥራ መጮህ ብቻ ነበር።

ወገዳ የሄድነውስ ትዝ ይልሻል? አይሱዙ ላይ ተጭነን፣ አንቺ ስፒከሩን እንደ ሕፃን ታቅፈሽ፣ አቧራ ለብሰን ገባን። ገና አህያው ላይ ሳልደርስ አንድ ሽማግሌ ከፊት ተነሥተው መጡና ክንዴን ያዙኝ። በቃህ ልጄ፣ ያለ ነው፣ እግዜር ያጽናህ ብለው አስቀመጡኝ። የምር መስሏቸው ነው። ቃሌን ተቀማሁ ብለሽ አኮረፍሽ፤ መኪናው ላይ ስንወጣ ግን በሳቅ ፍርስ አልሽና እኔም ተከተልሁሽ።

አንቺን የቀበርን ቀን የተገላቢጦሽ ሆነ። ድንኳኑ ውስጥ የተደረደሩት እነዚያው የዕድሩ አግዳሚዎች ነበሩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳለቅስ አገር የሚያውቀው ድምፅ ሆኖ ወጣ። ምን ላድርግ፣ ሌላ ማልቀሻ ድምፅ የለኝም። ጥግ የቆሙት ጎረምሶች ሳቅ እንዳያመልጣቸው ጋቢያቸውን ነከሱ። ትልልቆቹም መሬት መሬት አዩ። በቃህ የሚለኝ ጠፋ። ክፋት አይመስለኝም፤ ቃሉ የአንቺ ስለነበር ሁሉም ሳይታወቀው ከኋላ አግዳሚ እስኪመጣ ጠበቀ። እኔም ጠበቅሁ። ሲደክመኝ ፊቴን ጠርጌ በገዛ እጄ ዝም አልሁ።

እናትሽ ግን ልጄ ላይ ቀለደባት አሉ። ከዚያ ወዲህ ቤቴን አልረገጡም። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጎንበስ ብዬ እንዴት አደሩ ስላቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ያልፋሉ። የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። እንዳልቀለድሁ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እሳቸው እንዲያውቁልኝ ግን እንዴት አድርጌ ላልቅስ? ባለቅስ ቀልድ ነው፣ ባላለቅስ ጨካኝ ነኝ። እንደዚያ እንደ ሰውዬው አንድ ዓይኔን ገልጬ ዓመት ሙሉ ቆምሁ።

ጥቁሩን ባወለቅሁ ማግስት ስፒከራችንን የሚጠግንልን ሙሉቀን መጣ። ለገና ትርኢት እናዘጋጅ፣ አሁንማ ምክንያት የለህም አለኝ። አይሆንም ብዬው ስወጣ ፎቶዬ የአዳራሹ በር ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ይባስ ብሎ መጨረሻው ላይ ድምፅሽን ከስልክ አውጥተን በስፒከር እንልቀቀው አለ። ለበጎ አስቦ ነው። ስፒከሩን ግን ራሱ ላይ ልከሰክስበት ምንም አልቀረኝ። ማስታወቂያው አንዴ ከተለጠፈ ወዲያ ሰዉን መመለስ አቃተኝ፤ ድምፅሽን ግን እንዳይለቀው ከለከልሁት።

የገና ዕለት ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። ለቅሶዋን ልዘላት ነበር ሐሳቤ። እነሱ እያጨበጨቡ ለቅሶ፣ ለቅሶ አሉኝ። ጀመርሁ። አንድ ዓይኔን ስገልጥ እናትሽ በሩ ጋ ቆመዋል። በሕይወታቸው ትርኢት ረግጠው አያውቁም። ዳግመኛ ሊቀልድባት ነው ሲባል ሰምተው፣ ሰው ፊት ትርኢቱን ሊያስቆሙኝ ነበር አመጣጣቸው። ወዴት እሸሻለሁ? አህያው ላይ ስደርስ አህያው ጠፋኝ። ስፒከር እንደ ሕፃን ያቀፈችዋ፣ ሙጫ እጇ ላይ የደረቀባት፣ ሰካራም የሚፈራት እያልሁ አንቺን ማወደስ ያዝሁ። ሕዝቡ ባሰበት፣ አግዳሚውን እየደበደበ ሳቀ። እናትሽ አፋቸውን ከፈቱ። አሁን በቃህ ሊሉኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አላሉኝም። የአንቺ ቦታ ላይ፣ ከመጨረሻው አግዳሚ ጫፍ ቁጭ አሉና ነጠላቸውን በዓይናቸው ላይ ጣሉ። በዚያ ሁሉ ሳቅ መሃል የእሳቸውን ለቅሶ የሰማ የለም፤ ትከሻቸውን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ማቆም አቃተኝ። እያለቀስሁ ከመድረኩ ወረድሁ፣ በመሃላቸው አልፌ በር ወጣሁ። ቆመው አጨበጨቡልኝ።

በነጋታው እናትሽ ጌሾሽን ሊቀጥፉ መጡ። እኔም ቅርንጫፉን ዝቅ አድርጌ ያዝሁላቸው። ሲሄዱ ደህና ዋል ብለውኛል።

ከተማው አዲሱ መጨረሻ ከድሮው ይበልጣል እያለ ነው። ለፋሲካም ድገመው ብለውኛል፣ ሙሉቀንም ማስታወቂያውን ሳይጠይቀኝ ለጥፏል። እደግመዋለሁ፤ አንቺን ማልቀሻ ሌላ ቦታ አላገኘሁም፣ እሱም ቢሆን ትኬት ተቆርጦለት ነው። ቃልሽን ግን ለማንም አልሰጥም፣ ለስፒከርም፣ ለእናትሽም። የመጨረሻው አግዳሚ ጫፍ ክፍት ይቆይሻል። አንቺው ራስሽ በቃህ እስክትይኝ አላቆምም።

ባልሽ ደሴ