እህቴን የመረመርኩበት ቀን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፤ ቢቸና

ዛሬ ጤና ጣቢያችን ለመከላከያ ሠራዊት የተመዘገቡትን ምልምሎች ሲመረምር ዋለ። የደም ግፊት የምለካው እኔ ነበርኩ። "ቀጣይ!" ብዬ ቀና ስል ፊቴ የቆመችው ታናሽ እህቴ ሰብለ ናት! ሁላችንም ሞጣ ኮሌጅ እየተማረች ነው ብለን እናስብ ነበር።

"እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"እትዬ፣ በሞቴ ከምርመራው እንዳትጥዪኝ። ትምህርቱን ካቆምኩ ሁለት ወር ሆነኝ።"

"እማዬስ?"

"አንቺ ንገሪልኝ።"

ግፊቷ ጤናማ ነው። ከፍተኛ ነው ብዬ ብጽፍ ትቀር ነበር። እስክሪብቶውን ይዤ ብዙ ቆየሁ። "ብቁ" ብዬ ፈረምኩ።

ከሰዓት በኋላ መኪና መጥቶ ያለፉትን ምልምሎች ወደ ማሠልጠኛ ወሰዳቸው። ቅድም እማዬ ደወለች።

"ሰብለ ስልክ አታነሳም፣ ደህና ናት?"

"ደህና ናት፤ ዛሬ አይቻታለሁ" አልኳት።

"የት?" ስትለኝ ስልኩን ዘጋሁት።