ጎማው የኔ ነው

እሑድ፣ ጥቅምት 3። ከቀኑ 10 ሰዓት

የብስክሌቴ ካቴና ዛሬም ሁለት ጊዜ ወለቀ። አንዴ ከጨለለቂ ጀርባ ቁልቁለቱ ላይ፣ አንዴ የኦቦ ጉተማ አጥር መዝጊያ አጠገብ። እጄ ግራሶ በግራሶ ነው። ገጽህን ባቆሽሸው አትቀየመኝ ደብተሬ።

የወረድነው ሁለት ብቻ ነን፤ እኔና መ/ር ለሊሳ። ዱሮ በየእሑዱ ስድስት ነበርን። አንዱ ዘመተ፣ ሁለቱ ታሰሩ፣ አንዱ ብስክሌቱን ሸጦ ካድሬ ሆነ። ማኅበር ነን እንል ነበር እኮ። ሁለት ሰው ምን ማኅበር ይባላል።

መንገዱ ግን አለ። በገጀራ ያወጣነው፣ በኦቦ ጉተማ ቡና ዳር አድርጎ ወደ ኡኬ የሚወርደው። ለክትባት ወደ ገጠር ስወርድ ግማሽ ቀን ያተርፍልኛል፣ ኬላም የለበትም። ሽማግሌው ሲፈቅዱልን ሦስት ነገር ቃል አስገቡን፦ ከብት ሲመጣ ከብስክሌት መውረድ፣ ሸክም ለያዘ ሰው መልቀቅ፣ መዝጊያቸውን መልሶ መዝጋት። ለሊሳ ቁልቁለቱን እንደ እብድ ይመጣና መዝጊያው ጋ ሲደርስ ወርዶ በሥርዓት ይዘጋል። ዛሬም ሳቅኩበት። ስንመለስ ድንጋይ መታውና የኋላ ጎማው ተጣመመ፤ እየገፋ ገባ።

የኔም ፊተኛ ጎማ አንድ ሽቦ ሰብሯል። መለዋወጫ ከጠፋ ስንት ጊዜው። በአጥር ሽቦ ተካሁት። በዞረ ቁጥር ቀጭ ቀጭ ይላል። ጋሽ ሸምሱ አይቶት ሳቀ፣ ይሄን ጎማ ከሺህ ጎማ መሃል እለየዋለሁ አለ።

ጋሽ ሸምሱ ጎሚስታችን ነው፣ የስልጤ ሰው፣ ገበያው ዳር። የአንዳችን ሲሰበር ከሌላችን ፈትቶ ይገጥማል። አያስፈቅድም፣ ማንም አይጠይቀውም። አምና የኔ የኋላ ጎማ ክረምቱን ሙሉ የለሊሳ ብስክሌት ላይ ዞሯል። ያለዚያ አንዳችንም አንነዳም ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል

ብስክሌቴ የለም።

ከጓሮ፣ ከክፈፉ ሥር ነው የጠፋው። ሰንሰለቱ መሬት ላይ ወድቋል። ቁልፉ ተከፍቶ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ጭረት እንኳ የለበትም። የተካነ ሌባ ነው።

አስቴር ወፍጮ ቤት ሄዳለች። እስክትመጣ አልጠብቅም። ቀበሌ እሄዳለሁ።

ያው ቀን፣ 7 ሰዓት

አመለከትኩ። ሳልጮህም አልቀረሁም። የመንግሥት ሥራ የምሠራበት ነው ስል የሊቀመንበሩ ዓይን በራ። ይሄማ አብዮቱን መዝረፍ ነው አለ። አላረምኩትም፤ ደስ አለኝ እንጂ።

ቤት ስመለስ አስቴር ደርሳለች። የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። ስነግራት እግሯን አቆመች። ሳታማክረኝ ለምን ሄድክ አለች። ለጠፋ ብስክሌት ምን ምክር ያስፈልገዋል? ሚስቴ እንዲህ ናት። ቤት ቢቃጠል እንኳ ውሃ ከማምጣቷ በፊት ለምን አልነገርከኝም ትላለች። ተኮራረፍን።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8። ማምሻ

በእግሬ ሄድኩ። የክትባቱን ሳጥን በትከሻዬ። ግማሽ መንገድ ላይ በረዶው ቀለጠ፣ ክትባቱ ተበላሸ። እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ዛፍ ሥር ይጠብቁኛል። ምን ልበላቸው። ብስክሌቴ ተሰረቀ አልኩ። አንዷ ለብስክሌቴ አዘነችልኝ፤ ልጇ ኩፍኝ ቢይዘው ለእሷ ማን ያዝንላታል? ሌባው እጄ ቢገባ አልምረውም።

ለሊሳም የለም። ስሙ የሚታሰሩ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል ይባላል። ረቡዕ ሊይዙት ሄደው ቤቱን ባዶ አገኙት። ብስክሌቱ ጎማው እንደተጣመመ በረንዳው ላይ ቆሟል፤ ስለዚህ በአውቶቡስ ነው የወጣው ብለው ኬላ ላይ መኪና ሁሉ ያራግፋሉ። ምን አደረገ? ልጆች ፊደል አስቆጠረ። ሌላ የማውቀው የለም።

እግዜር ያውጣው። እኔ ግን ክፉ ሆኛለሁ። ቢኖር አብሮኝ ይፈልግልኝ ነበር ብዬ ተናደድኩበት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9። 8 ሰዓት

ተገኘ። ሙሉው አይደለም፣ ጎማው።

ቀበሌው ሁለት አብዮት ጥበቃ ጨምሮልኝ ገበያውን እንዞራለን። ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ጋ ስንደርስ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ፊተኛው ጎማዬ። የአጥር ሽቦው ያብለጨልጫል። ደሜ ፈላ። ጎማው የኔ ነው ብዬ ጮህኩ፣ ገበያው ሁሉ ዞረ።

ጋሽ ሸምሱ ቀና ብሎ አየኝ። ከኋላዬ የቆሙትን ጠመንጃዎች አየ። እንደገና እኔን አየ። የሆነ ነገር ሊለኝ አፉን ከፍቶ ዘጋው። ከየት አመጣኸው አሉት። ሁለተኛ ጠየቁት። ሦስተኛው ላይ እኔ ነኝ የሰረቅኩት አለ። ሌላውስ? ፈታትቼ ለመንገደኛ ሸጥኩት አለ።

እጁን የፊጥኝ አሰሩት። የዘይት ጨርቁ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ወሰዱት። ስንት ዓመት የተማመንኩበት ሰው። ተፋሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ እንኳን ደስ ያለህ ይለኛል። አንዱማ እነዚህ ነጋዴዎች ሁሉም ያው ናቸው አለ። ሁሉም ያው ናቸው አልኩ እኔም። ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት።

አስቴር ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ጸሎት ቤቱ ከታሸገ ወዲህ መኝታ ቤት ዘግታ ነው የምትጸልየው። ለማን እንደምትጸልይ አልጠየቅኳትም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12። 11 ሰዓት

ይህን ባልጽፈው ይሻል ነበር። ቢሆንም ልጻፈው።

ጠዋት ሳጥኔን ተሸክሜ በኦቦ ጉተማ በኩል ወረድኩ። ሽማግሌው ቡና ይለቅማሉ። አካም ጅርታ ተባባልን። በእግሬ ሲያዩኝ ገረማቸው። ሂሪያ ኬ ገና አልመለሰልህም ወይ አሉ። ጓደኛህ ማለታቸው ነው። የቱ ጓደኛዬ? መምህሩ ነዋ አሉ።

ሐሙስ ሲነጋጋ በብስክሌቴ አልፏል። የክትባት ሳጥን የምጭንበት ብረት ከኋላው አለ፣ አልተሳሳቱም። ፊተኛው ጎማ ግን ደህና ነው፣ ያ ቀጭ ቀጭ የሚለው አልነበረም። ዓይኑ ደም ለብሷል፣ ቸኩሏል። ሂድ ልጄ፣ እኔ እዘጋዋለሁ ብለው ከቡናው መሃል ተጣሩ። እሺ አላለም። ወርዶ መዝጊያውን መልሶ ዘጋና ነጋቲ፣ ደህና ይሁኑ ብሏቸው ወረደ።

ይህን ለሌላ ሰው ነግረዋል ወይ አልኳቸው። ለማን ብዬ አሉ። ማንም ቢጠይቅ በዚህ በኩል ሰው አላለፈም ይበሉ አልኩ። ትክ ብለው አዩኝ። ገባቸው መሰለኝ፤ ወደ ቡናቸው ዞሩ።

እኔ ግን መዝጊያው ላይ ቁጭ አልኩ። ቁልፉን አሰብኩ። ጭረት የሌለበት፣ ሚስማሩ ላይ የተሰቀለ ቁልፍ። እንዲህ አድርጎ የሚሰቅለው በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13። ጠዋት

አስቴር ሁሉንም ነገረችኝ። ሳታለቅስ፣ ጨርቅ እየቆረጠች።

ሐሙስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ለሊሳ በጓሮ አጥር ዘሎ መጣ። እኔ እንቅልፍ ላይ ነኝ። ቁልፉን እሷ ከፈተች፣ ቂጣ ጠቀለለችለት። ያ በአጥር ሽቦ የጠገንከው ጎማህ ኡኬ አያደርሰውም ብላ በጋሽ ሸምሱ ቤት በኩል ላከችው። ጋሽ ሸምሱም ከራሱ ብስክሌት ፈትቶ ደህናውን ገጠመለት፣ የኔን አስቀረ። ወፍጮ ቤት የሄደችው መንገዱ ሰላም መሆኑን ልታይ ነው። ተመልሳ ልትነግረኝ ነበር። እኔ ግን ቀበሌ ደርሼ አገር አዳርሻለሁ።

ታዲያ ከዚያ በኋላ ለምን ደበቅሽኝ አልኩ።

"አፍህን አላምነውም" አለች። "ስትናደድ መንደሩ ሁሉ ነው የሚሰማህ።"

አሥራ አንድ ዓመት ተጋብተን ይህን ነው የምታስበው። የሚመረኝ መበደሏ ቢሆን ቀላል ነበር። ልክ ናት።

ቀበሌ ሄጄ ተሳስቻለሁ ልበል አልኩ። ሂድ አለች። ጎማው እንዴት እዚያ ደረሰ ይሉሃል። ብስክሌቱስ የታለ ይሉሃል። ከዚያ ለሊሳን በየት በኩል እንደሚፈልጉት ያውቃሉ። ጋሽ ሸምሱን፣ እኔን፣ ሽማግሌውን ለምን እንደሚወስዱን ያውቃሉ። ይኸው መንገዱ፣ ሂድ።

አልሄድኩም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15። 9 ሰዓት

ጋሽ ሸምሱን አየሁት። ብስክሌቱን የሸጠለትን ሰው ስም ላውጣጣ ብዬ አስፈቅጄ ገባሁ። ዘበኛው ደጅ ቆመ። ፊቱ አብጧል፣ ግራ እጁን አያነሳም። ጤና ረዳት ነኝ፤ ክንዱ መሰበሩን ሳልነካው አውቄያለሁ።

ይቅር በለኝ አልኩ። ድምፅህን ዝቅ አድርግ አለ። ለምን አልደበቅከውም አልኩት። ገረመው። ከመቼ ወዲህ ነው ያንተን ዕቃ የምደብቀው፣ መጥተህ ትጠይቀኛለህ ብዬ ነው አለ። ሁልጊዜ እንደምናደርገው። በንዴቴ የረሳሁት ይህችን ነው። መጠየቅ።

እውነቱን እናገራለሁ አልኩ። ያኔ ተቆጣ። ጋሽ ሸምሱ ሲቆጣ አይቼ አላውቅም።

"ሌባ የተባለ ሰው ተገርፎ፣ ታስሮ፣ ይመለሳል። በዚያ በሌላው ስም የተወሰደ ሲመለስ አይተሃል?"

ፀረ አብዮት ተብሎ ተወስዶ የተመለሰ አላየሁም።

"እንግዲያው ያልከውን በል። አታድበስብስ። አንተ ካድበሰበስክ ሦስት ቤት ነው የሚፈርሰው።"

ሚስቱ ያውቃሉ ወይ አልኩ። አያውቁም። እንዳትነግራቸው አለ፣ አልቅሰው ያጋልጡናል። ስወጣ ሚስቱ በር ላይ ስንቅ ይዘው ቆመዋል። ሰላም አልኳቸው። ስንቁን ወደ ደረታቸው አስጠግተው ዞር አሉልኝ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ሊቀመንበሩ አስጠራኝ። ነገ ሕዝቡ ተሰብስቦ የጋሽ ሸምሱ ጉዳይ ይታያል። ተበዳዩ እኔ ነኝ፣ ስለዚህ የማነበው እኔ ነኝ። ወረቀቱን ራሱ ጽፎታል። ጓድ እንዲህ፣ ጓድ እንዲያ፣ ደም መጣጭ፣ የሕዝብ ጤና ጠላት። ሲነበብ ሸምሱን ቀና እያልክ እየው አለኝ።

ጎማዬንም መለሰልኝ፤ አስፈርሞ። ከአንድ ብስክሌት አንድ ጎማ። በከተማው መሃል ይዤው መጣሁ። ቀጭ እንዳይል ሽቦውን በእጄ ጨብጬ ነበር።

ለሊሳ እስካሁን አልተያዘም። ኬላው ላይ ዛሬም አውቶቡስ ይፈትሻሉ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17። ጠዋት 2 ሰዓት

ስብሰባው 3 ሰዓት ነው።

ወረቀቱን ለአስቴር አነበብኩላት። ድምፅህ ይሰልላል፣ እንዲህ ካነበብከው ይጠረጥሩሃል አለች። ደገምኩት። አሁንም አይሆንም። ሦስተኛው ላይ ተናደድኩ። በራሴ ነው የተናደድኩት፣ ግን ለሚሰማው ሰው አይለይም። እንደዚህ አንብበው አለች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። ለካ አፌም አንድ ቀን ይፈለጋል።

አንተን ደብተሬ ቤት ውስጥ ላቆይህ አልችልም። እሳቱ ዳር ወስጄህ ነበር፣ አልጨከንኩም። ገጾችህን ገንጥዬ ጎማው ውስጥ፣ የውስጥ ላስቲኩ ካላማዳሪ በነበረበት እጠቀልልሃለሁ። ጎማውን ሳሎን እሰቅለዋለሁ። የሚገባው ሰው ሁሉ ንብረቱን ያስመለሰ ሰው ቤት ነው ይበል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ተጽፎ ይቅር። ጋሽ ሸምሱ ሌባ አይደለም። ጎማው የኔ ነው፤ መጥቼ እስክጠይቀው ያስቀመጠልኝ እሱ ነው።

ድምፅ ማጉያው ይጣራል። አስቴር ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆማለች። ልሂድና ሌባ ነው ልበል።