ለምቾታችን ስለ ተሰቀለው ሰሌዳ

ለተከበሩ የሕሙማን ማመላለሻ አገልግሎት ዋና ኃላፊ
ባሉበት፣ በቀዝቃዛው ቢሮ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። የምጠይቅዎም ለወጉ ያህል አይደለም፤ ከልቤ ሰግቼ ነው። ባለፈው ቢሮዎ ደጃፍ ቁጭ ብዬ ስጠብቅዎ፣ ጸሐፊዎ በዚያ ሐሩር ሹራብ ላይ ሹራብ ደርባ፣ አንገቷን በሻርፕ ጠምጥማ፣ ጣቶቿን በሻይ ብርጭቆ ስታሞቅ አይቼ አንጀቴን በላችው። በሩ ላይ ያለችው እንዲህ ከተንቀጠቀጠች፣ ማቀዝቀዣው ማሽን ሥር የሚቀመጡት እርስዎማ እንዴት ይሆኑ ብዬ ተጨነቅሁ። ጉንፋን አይድፈርዎ፣ ብርድ ወገብዎን አይያዝዎ፣ ያንን ወንበር ያለ ቁርጥማት ረጅም ዘመን ይቀመጡበት።

ስለ ራሴ አጭር ቃል ልበል። ሙያዬ ልብስ ስፌት ነው። ታላቅ እህቴ፣ ቤታችን ውስጥ እትዬ የምንላት፣ ኩላሊቷ ሥራ ካቆመ ወዲህ ደሟን በማሽን እያሳጠበች የምትኖር ሰው ናት፤ እኔም በእርስዎ ሚኒባስ ወደ ሆስፒታል ይዣት እሄዳለሁ፣ ይዣት እመለሳለሁ። እናታችን ካረፈች ወዲህ እናቴም እህቴም እሷው ናት። ትምህርቴ እምብዛም ስለሆነ የፊደል ስሕተት ቢያገኙ በቀይ እስክሪብቶዎ ያርሙልኝ፤ አቤቱታን አንብቦ መልስ ከመስጠት ይልቅ ፊደሉን ማረም እንደሚቀናዎ ቀደም ሲል ከመለሱልኝ ወረቀት ተረድቻለሁ።

ይህን ሁሉ በጆሮዎ ሹክ ብልዎ ደስ ባለኝ ነበር። ዳሩ ግን እርስዎ ዘወትር ስብሰባ ላይ ነዎት፤ ባለቤቱ ካልጮኸ ደግሞ ጎረቤት አይረዳም። ስለዚህ ደብዳቤዬን ሕሙማን ተራ በሚጠብቁበት አዳራሽ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ፤ እርስዎ በዚያ በኩል ብቅ ብለው ስለማያውቁ ግን አንድ ቅጂ ከበርዎ ሥር አሾልክልዎታለሁ።

አንደኛ። ሚኒባሱ ማቀዝቀዣ ስላለው አመሰግንዎታለሁ። አለው ብለው በምረቃው ቀን በድምፅ ማጉያ ስለነገሩን አምነናል። ሲከፈት ግን እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ አፍ ያለ ትንፋሽ ፊታችን ላይ ይለቅብናል፤ ሲዘጋ ደግሞ እንታፈናለን፤ መስኮቶቹ እንዳይከፈቱ ሆነው የተሠሩ ናቸውና። ሾፌሩን ክፈተው ስንለው ይከፍታል፣ ዝጋው ስንለው ይዘጋል፤ እሱ ምስኪን ምን ያድርግ። ከእኛ ጋር የሚመላለስ ጡረታ የወጣ ፀጉር አስተካካይ አለ፤ ምላሱ ከመሣሪያው ስለሚብስ ጋሽ ምላጩ ይሉታል። አንድ ቀን ላቡን እየጠረገ፣ «እኔ ቤት ፀጉር የሚያደርቅ ማሽን ነበረኝ፤ እነዚህ ደግሞ ጎማና ወንበር ገጥመውለት ሰው ይጭኑበታል» ብሎ፣ መሳቅ የተሳናቸውን በሽተኞች ሁሉ አሳቀልን።

ሁለተኛ። ስለ ባለሙያዎችዎ ትጋት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ኤሲው ለምን ትኩስ አየር እንደሚተፋ ሲመረምሩ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ምን እንደሆነ በዓይኔ አሳይተውኛል። መጀመሪያ ጋዙ አልቋል አሉ፤ ሞሉት። ከዚያ ኮምፕረሰሩ ደክሟል አሉ፤ ለወጡት። ከዚያ ማጣሪያው አቧራ ይዟል ብለው አራገፉት፤ አቧራው ብቻ እኛ ላይ ቀረ። በየጊዜው ታዲያ ፍተሻውን የሚያደርጉት ገና ጎህ ሲቀድ፣ በጋራዡ ጥላ ሥር፣ መኪናውን አቁመው፣ የሞተሩን ኮፈን ወደ ላይ ገልብጠው ነው። በዚያ ሰዓት እንኳን ማቀዝቀዣው የእኔ የስፌት መኪናም ቀዝቃዛ ነው። እጃቸውን ዘርግተው «ይኸው፣ እንደ በረዶ!» ይባባሉና ተፈትሾ ጤነኛ ሆኖ ተገኝቷል ብለው ይፈርማሉ። እኛ ግን ኮፈኑ ተዘግቶ፣ መኪናው እየተጓዘ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው የምንሳፈረው። በእኛ ሰዓት ይፈትሹልን ብዬ ብጠይቅ ባለሙያዎቹ በዚያ ሰዓት ሙቀቱን እንደማይችሉት ተነገረኝ። እውነታቸውን ነው፤ እነሱም ሰው ናቸው።

ሦስተኛ። ይህቺኛዋን ረጋ ብለው ያንብቡልኝ። ቅሬታው ሲበዛ በሚኒባሱ ውስጥ በትልልቁ ያስለጠፉትን ማስታወቂያ አይተናል፤ «ሙቀት ሲሰማዎ ብዙ ውሃ ይጠጡ» ይላል። ክቡር ሆይ፣ የጫኑት እኮ ኩላሊት የሌለውን ሰው ነው። እትዬ ለቀኑ የተፈቀደላት ውሃ ከአንዲት ትንሽ ኩባያ አይዘልም፤ የምትጠጣው ሁሉ መውጫ አጥቶ ሳንባዋ ላይ ነው የሚወጣው። እርስዎ ውሃ ጠጪ ይሏታል፣ ሐኪሟ እንዳትጠጪ ይላታል፣ ማቀዝቀዣዎ ደግሞ ምላሷን ከላንቃዋ ያጣብቀዋል። ታጥባ ስትወጣ ጉልበቷ ከድቷት፣ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ፣ እኔ በእርጥብ ጨርቅ ከንፈሯን እያበስኩ፣ እሷ ያንን ማስታወቂያ ትክ ብላ እያየች ነው ቤት የምንደርሰው። አንድ ቀን ከመኪናው አውርጄ ደጃፍ ላይ ሳሳርፋት፣ «ከዚህ ወዲያ አልሳፈርም፤ ቤቴ ልሙት፤ ቤቴ ነፋስ አለ» አለችኝ። ከእጥበቷ መቅረት ማለት ምን ማለት እንደሆነ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። በሌላ መኪና እንዳልወስዳት እንደ እሷ ያለውን ሕመምተኛ የሚያመላልስ ሌላ መኪና የለም። ለምኜ፣ አልቅሼ፣ በእናታችን አጥንት አስምዬ ነው መልሼ ያሳፈርኳት። እስከ መቼ እንደምትሰማኝ ግን እንጃ።

አራተኛ። እግዜር ይስጥልኝና የችግሩን ሥር የነገሩን እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ ሳያስቡት። በምረቃው ቀን ከሚኒባሱ ግንባር ላይ፣ ከአንዱ መብራት እስከ ሌላው መብራት የሚደርስ የቆርቆሮ ሰሌዳ አስበይደው ነበር። «ለምቾትዎ እንተጋለን» ይላል፣ በወርቃማ ቀለም፤ ከሥሩም የእርስዎ ማዕረግ አለ፣ ከመፈክሩ ትንሽ ደመቅ ብሎ። ኋላ ላይ እንግዶች ሊጎበኙ ይመጣሉ ተባለና ሰሌዳው ቀለሙ እንዲታደስ ተፈትቶ ሄደ። በዚያው ሳምንት ምን ሆነ መሰለዎ? ኤሲው ቀዘቀዘ። ጋዝ የሞላ የለም፣ ዕቃ የለወጠ የለም። ሁላችንም ተያየን። ጋሽ ምላጩ፣ «መኪናው ካባውን አውልቆ ተነፈሰ» አለ። እትዬ ዓይኗን ጨፍና፣ ፊቷን ወደ አየሩ አዙራ፣ ልጅ ሳለች ወንዝ ዳር ትሆን እንደነበረው ሆነች። እንግዶቹ መጡ፣ ሰሌዳው አብረቅርቆ ተመለሰ፣ በብሎን ጥርቅም ተደርጎ ታሰረ። ምድጃችንም አብሮ ተመለሰ።

ይህን ልነግርዎ ነበር እዚያ ብርዳም ደጃፍዎ ላይ የተቀመጥኩት። ገብቼም ነገርኩዎ። ሾፌሩ እንዳስረዳኝ፣ ከራዲያተሩ ፊት የማቀዝቀዣውን ሙቀት ወደ ውጪ የሚጥል ፍርግርግ ዕቃ አለ፤ ሰሌዳው ነፋሱን ሲጋርድበት ሙቀቱ መድረሻ ያጣል አልኩዎ። እቤት ያለ ፍሪጅ እንኳ ከግድግዳ አጣብቀው ጀርባውን በጨርቅ ቢወትፉት ወተት ያበላሻል አልኩዎ። እርስዎም መነጽርዎን ዝቅ አድርገው፣ «ኢንጂነር ነዎት እንዴ፣ እናት?» አሉኝ። የለም ጌታዬ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አፍንጫው ላይ ሻርፕ የጠመጠሙበት ሰው እንደሚታፈን ግን ከሙያዬ አውቃለሁ። እርስዎ ግን ሰሌዳው የድርጅቱ ገጽታ ስለሆነ እንደማይነካ፣ ሾፌሩ ቢነካው እንጀራውን እንደሚያጣ፣ በዚያ ሳምንት የቀዘቀዘውም የአየር ጠባዩ እንደሆነ አስረዱኝ። የአየር ጠባዩ ሰሌዳ ሲፈታ የሚቀዘቅዝ፣ ሲታሰር የሚሞቅ መሆኑን እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር፤ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

አምስተኛ ልል ነበር፤ ግን ነገሬ ሁሉ አራተኛው ላይ አልቋል።

እንግዲህ ልመናዬ አንዲት ናት። ሰሌዳው ይነሳ። መጣል አያስፈልገውም፤ ከፈለጉ ከመኪናው ጣሪያ ላይ ያስሩት፣ ወፎች ያንብቡት፤ ከፈለጉ ቢሮዎ ውስጥ ከማሽንዎ አፍ ፊት ይስቀሉት፤ ለጸሐፊዎም ትልቅ ውለታ ይሆናል። ሕዝቡ ማን እንደሚተጋለት እንዳይረሳ ሰግተው ከሆነም አይስጉ፤ እኛ ሚኒባሱ ውስጥ ሆነን እርስዎን ያላነሳንበት ጉዞ የለም።

መንገዱ ሁሉ ጥላ፣ ጥላው ሁሉ የእርስዎ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ጉልበቴ እስከፈቀደልኝ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣ በትጋትዎ ላብ ያጠመቃት፣ ታዛዥዎ

ልብስ ሰፊዋ፣ የእትዬ ታናሽ እህት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ሳልለጥፈው ጥቂት ነገር ተከሰተ። ከበራችን ላይ ሚኒባሱ እንደቆመ ጋሽ ምላጩ ከብብቱ ካቻቪቴና ቁልፍ አወጣ፤ ክንዱ መርፌ የበዛበት ስለሆነ ብሎኖቹን የፈታሁት እኔ ነኝ። ሾፌሩ በዚያ ሰዓት የኋላውን ጎማ እያየ ነበር፤ እንደዚያ ቀን ጎማ በጥሞና ያየ ሰው አላየሁም፤ ስለዚህ እሱን አይጠይቁት፣ ምንም አላየም። ሰሌዳው እኔ ዘንድ ነው። ሸለምጥማጥ እየገባ ሲሰርቀኝ ለከረመው የዶሮ ቤቴ በር አድርጌዋለሁ፤ ልኩን ሆኖ ገጥሟል። ዶሮዎቹ ምንም ቅሬታ የላቸውም፤ መፈክሩም እውነት ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነው።

አንድ ነገር ግን ቸግሮኛል። ትናንት ስንመለስ፣ መንገድ አጋምሰን ሳለ፣ እትዬ ቀና ብላ፣ «አንቺ፣ በረደኝ፤ ሹራቤን አቀብይኝ» አለችኝ። እንዲህ ያለ ቀን ይመጣል ብዬ ስላላሰብኩ አልያዝኩም ነበር። ጸሐፊዎ ከደረበቻቸው አንዱን በሾፌሩ እጅ ቢልኩልኝ፣ አጥቤና ተኩሼ እመልሳለሁ።