ለቀረጻ የተከፈተው ፖሊስ ጣቢያችን

ለተከበሩ አቶ ኩክ ዶንግሆ፣
«የመጀመሪያው ደንብ ልብስ» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ ዋና አዘጋጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለካሜራዎችዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። ፒዮ ጊልሱ እባላለሁ፤ በዮንሃ ወደብ አውቶቡስ ስነዳ አርጅቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ደክሞኛልና፣ አንዳንድ ቦታ ምስጋናዬ ቢያጥርብዎ ከንቀት አይቁጠሩብኝ።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። የሰፈራችን ፖሊስ ጣቢያ «የሰው ኃይል የለም» ተብሎ ከተዘጋ ወዲህ፣ እኛ ነዋሪዎች ይከፈትልን እያልን ስንፈርምና ስንሰለፍ ፀጉራችን ሸብቷል። እርስዎ ግን ባዶውን የቁም ሳጥን መደብር በጥቂት ቀናት ቀለም ቀብተው፣ ሰማያዊ ሰሌዳ ሰቅለው፣ ደጁ ላይ የፖሊስ መኪና አቁመው፣ መልከ መልካም ጀማሪ ፖሊሶች ሞሉበት። እኔም በመስኮት አይቼ መንግሥት በመጨረሻ ሰማን አልኩ። ባለቤቴ ማ ሱንሬ የመርሳት ሕመም አለባት፤ ደህና በሆነችበት ቀን ግን ራሷ ትቀልድበታለች። ስነግራት «እሰይ! እንግዲህ ብጠፋም ፈላጊ አላጣም» ብላ ሳቀች።

ሁለተኛ፣ ስለ መስተንግዶዎ። በረዶ ይጥል በነበረ አንድ ከሰዓት በኋላ ገላዬን ታጥቤ ስወጣ ሱንሬ የለችም። ካፖርቷ እንደተሰቀለ ነው፣ ጫማዋም በሩ ላይ ነው። በነጠላ ጫማ እየሮጥኩ ጣቢያዎ ስገባ፣ ሬዲዮ መገናኛ የያዘ ጎልማሳ ክንዴን ይዞ «አባባ፣ የት ቆዩ? ሁሉ ሰው እኮ እርስዎን ነው የሚጠብቀው!» አለኝ። ሳልነግራቸው ማወቃቸው ገረመኝ፤ ዘመናዊ ፖሊስ ማለት ይህ ነው ብዬም ተጽናናሁ። ወንበር ሰጡኝ፣ ሚስቴ መጥፋቷን ነገርኳቸው። ጀማሪዎቹ እንባ ባቀረረ ዓይን አዳመጡኝ። ስጨርስ ጎልማሳው «ግሩም ነው አባባ! እስቲ አንዴ ደግሞ፣ ቀስ ብለው፣ ፊትዎን ወደ መብራቱ» አለኝ።

እርስዎ ወጣት ስለሆኑ ላይገባዎት ይችላል፤ በእኛ ዘመን ያደገ ሰው ሬዲዮ መገናኛ የያዘን ሰው «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም። ካሜራውንም አይቻለሁ፤ ለማስረጃ ነው አልኩ። ስለዚህ ደገምኩላችሁ። ሦስተኛ ጊዜ ስታስደግሙኝ ግን አልቻልኩም፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ ፊታችሁ ተንሰቀሰቅሁ። እናንተም አጨበጨባችሁልኝ። አንዲት ልጅ መሐረብ ይዛ ስትመጣ «እንዳትጠርጊው፣ እንዳትጠርጊው!» ያሏት እርስዎ ራስዎ ነበሩ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሱንሬ በረዶው ውስጥ ነበረች።

ስህተቱ የታወቀው፣ አንድ ሌላ ሽማግሌ የውሻ ፎቶ ይዘው እያለከለኩ ገብተው «ውሻ የጠፋባቸውን አባባ ሆኜ የምጫወተው እኔ ነኝ፤ አውቶቡስ አምልጦኝ ነው፣ ይቅርታ» ሲሉ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ከመካከላችሁ በስልኩ እውነተኛ ፖሊስ የጠራልኝ ዋናውን ጀማሪ ፖሊስ የሚጫወተው ተዋናይ ነው። እሱን እግዜር ይባርከው፤ በእሱ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ሦስተኛውን ነጥብ በምን ስም እንደምጠራው አላውቅም። የእርስዎ ጀማሪ ፖሊሶች ከጣሪያ ጣሪያ ይዘላሉ፣ ነፍሰ ገዳይ ይይዛሉ፣ ደንብ ልብሳቸውም አይጨማደድም። ከድልድዩ ማዶ ካለው እውነተኛ ጣቢያ የመጣችልን ታክ ዬወን የምትባል ጀማሪ ግን ከዚያ በፊት አንድ ሰካራም ደንብ ልብሷ ላይ አስመልሶባት ስለነበር ይሸት ነበር። ሱንሬን ያገኘቻት፣ እነዳው የነበረው አውቶቡስ ድሮ ይቆምበት በነበረው ፌርማታ ተቀምጣ ነው። አውቶቡሱ እዚያ መቆም ከተወ ቆይቷል። «ባሌ ሥራ ጨርሶ ይወስደኛል፣ ሂጂ አንቺ ልጅ» ብትላት፣ ልጅቷ «እማማ፣ እሳቸው ናቸው የላኩኝ» ብላ የራሷን ጫማ አድርጋላት በጀርባዋ አዝላ አመጣቻት። ያጨበጨበላት ሰው አልነበረም።

ዘግይተን ነበር። ብርዱ ሳንባዋ ገብቶ ሱንሬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአልጋ አልተነሳችም። እኔ አሁን የምቆጨው በዚያ ሦስቴ በተነገረ ታሪክ ነው፤ አንዴ ይበቃ ነበር።

እርስዎ ግን ታሪኩን አላባከኑትም። በተላለፈው ክፍል ልቅሶዬን ከነንፍጤ አሳይተው፣ ሚስቴን በዋናው ተዋናይ አስገኝተው፣ ሙዚቃ ጨምረውበታል፤ ጎረቤቶቼም እንኳን ደስ አለህ ብለውኛል። ቀረጻው ሲያልቅ ሰሌዳውን አውርደው በጭነት መኪና ወሰዱት። ስለዚህ በትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እባክዎ ሁለተኛ ምዕራፍ ይሥሩ። ለእኛ ሰፈር ፖሊስ ጣቢያ የሚከፈትበት ሌላ መንገድ አላገኘንም።

ያለፈቃዱ ተዋናይ የሆነው፣ አሁንም በታላቅ አክብሮት ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሣዎ፣
ፒዮ ጊልሱ፣ ከዮንሃ ወደብ

ማሳሰቢያ፦ ሱንሬ እኔን መለየት ካቆመች ሰንብታለች፤ ድራማዎን ግን ተኝታ ትከታተላለች። ያን ክፍል ሲደግሙት አየችው፣ እኔም አጠገቧ ነበርኩ። ስክሪኑ ላይ ሳለቅስ አይታ «ምስኪን ሽማግሌ! ምነው ዝም ብለው ከሚያዩት ሚስቱን ቢፈልጉለት?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው እርስዎን የሚመለከት ሆኖ ስላገኘሁት፣ መልስ እንዲሰጡበት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ።