ከተሰረዘው ንጉሥ ጎን የተጻፈው ስም

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? የሃሊፋክስ ጭጋግ ሳልዎን አላባሰብዎትም? እህቴ ፌቢ ከነባሏ ደህና ናት? እኔም፣ ባለቤቴ ሜሂታብልም፣ ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤው እጅዎ ሲገባ መጀመሪያ ማኅተሙን ይመልከቱ። ሰሙ ላይ አውራ ጣቴን አትሜበታለሁ፤ ምልክቱ ከሌለ ባለጀልባው ከፍቶታል ማለት ነው። ሰውዬው ሲስቅ ዓይኑ አብሮ አይስቅም፤ አላምነውም።

ባለፈው እሁድ ከስብከት በኋላ ፓስተራችን ከፊላደልፊያ የመጣ የታተመ ወረቀት አነበቡልን። አሥራ ሦስቱ ቅኝ ግዛቶች ከእንግሊዝ ንጉሥ ተለይተናል፣ ከእንግዲህ ነጻ ነን ይላል። ሰዉ ደጅ ወጥቶ ባርኔጣውን ወደ ላይ ወረወረ። እኔ ግን ተከትሎ የመጣውን ትእዛዝ ስሰማ ልቤ ድንግጥ አለ፤ የየመንደሩ ጸሐፊ ቃል በቃል በመዝገቡ ይቅዳው ተብሏል። የእርስዎን የጸሐፊነት ወንበር የወረስኩት እኔ ነኝና ወረቀቱ እኔው ጉያ ገባ።

ቤት ወስጄ ገልብጬ ገላብጬ አየሁት። ሕይወታችንን ሳይቀር አስይዘናል ይላል። እነማን? ከግርጌው የታተመው የሁለት ሰው ስም ብቻ ነው፤ የሰብሳቢውና የጸሐፊው። የቀሩት የት ገቡ? የሸንጎውን አለቃ ሻምበል ፔሌግን ብጠይቃቸው፣ «አንተ ቅዳ ተባልክ እንጂ መርምር ተባልክ?» አሉኝ። እንግዲያው ከጎኔ ይፈርሙ ብላቸው እጄ ይንቀጠቀጣል ብለው እርፍ። በዚያው እጃቸው ግን እስከ አፉ የሞላ የፖም ጠጅ ጠብ ሳያደርጉ ጨለጡ።

ሁለት ቀን ሙሉ ቀዳሁ። መጨረሻ ላይ ሳላስበው እጄ የለመደውን ጻፈ፦ «በንጉሣችን በሣልሳዊ ጆርጅ ዘመነ መንግሥት፣ በአሥራ ስድስተኛው ዓመት»። ንጉሡን ተውነው በሚለው ጽሑፍ ግርጌ! ሜሂታብል በትከሻዬ አጮልቃ አይታ ጠረጴዛውን ይዛ ሳቀች። «ሰውየው ገና ሳይወጣ መልሰህ አስገባኸው እኮ!» አለችኝ። ወዲያው ግን ሳቋን ዋጥ አደረገችው።

አባቴ፣ የገባሁበትን ይረዱልኝ። ብተወው፣ አባቱ ሃሊፋክስ፣ የንጉሡ መርከቦች ወደብ ላይ፣ ከሚኖር ሰው ምን ይጠበቃል ይሉኛል፤ ድሮም ሻምበሉ በመስኮቴ ሥር ሲያልፉ እርምጃቸውን ይቀንሳሉ። ብሰርዘው ደግሞ ታዝዤ ቀዳሁ ማለት አልችልም፤ ንጉሡን ሰርዝ ብሎ ያዘዘኝ የለም። ገጹን ቀድጄ እንዳልጥል፣ ሁሉንም ገጽ እርስዎ በእጅዎ ቆጥረው ቁጥር ጽፈውበታል። ጸሐፊ የሰረዘውን ኅዳጉ ላይ በሙሉ ስሙ ካላረጋገጠ መዝገቡ ሐሰት ነው ብለው ያስተማሩኝም እርስዎ ነዎት።

ሰረዝኩት። ኅዳጉ ላይም ሙሉ ስሜን ጻፍኩ። ቀለሙ ሳይደርቅ ነው ትዝ ያለኝ፤ የሰጡኝ ስም የራስዎ ነው። ነገ የንጉሡ ወታደሮች መንደራችንን ቢይዙና መዝገቡን ቢገልጡ፣ በዚያው ስም የሚጠራ ሽማግሌ ሃሊፋክስ ላይ እጃቸው ውስጥ አለላቸው። ለራሴ ከፈራሁት ይልቅ ለእርስዎ ፈራሁ። ስለዚህ እለምንዎታለሁ፣ የወደቡ ሹማምንት መጥተው ቢጠይቁዎት ወንድ ልጅ የለኝም ይበሏቸው። አልቀየምዎትም።

ፌቢን ይሳሙልኝ። ትንሿን ልጇንም ጉልበትዎ ላይ እንዳለች ይሳሙልኝ። ለባሏ ለሳይላስ ሰላም ይበሉልኝ፤ ደብዳቤውን ግን አያሳዩት፣ ገመድ የሚገምደው ለንጉሡ መርከቦች ነው። ሜሂታብልና ልጆቹ እጅ ይነሳሉ። አንብበው ሲጨርሱ ያቃጥሉት።

ሃሎዌይ ፖይንት፣ ማሳቹሴትስ
ኦገስት 15 ቀን 1776

ስሜን ከዚህ በታች አልጻፍኩም። የእርስዎ ነውና ያውቁታል።