በመተላለፊያችን ላይ ስለ ተተከለው የብረት አጥር ምስጋና ስለ ማቅረብ

ለክቡር ሚስተር ጁልየን ፕራውስ
የሃርልስዊክ ታውን እግር ኳስ ክለብ ሊቀ መንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ ከመላው ቤተሰብዎ ጋር በሙሉ ጤንነት፣ በጥላ ፎቁ ውስጥ በተሠራልዎ ለስላሳ ወንበር ላይ ጉልበትዎን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ተቀምጠው ታገኝዎ ዘንድ ምኞቴ ነው። እኔም፣ እንደ ጠየቁኝ ቆጥሬው፣ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ አውቶቡሱንም በሰዓቱ እደርስበታለሁ። ሰዎች «እንዴት ነህ ዊልፍ?» ሲሉኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው፤ ሌላ የሚሰማኝ ነገር ስለሌለ እየዋሸሁ አይመስለኝም።

ስሜ ዊልፍሬድ ሄብደን ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቼ ጡረታ የወጣሁ የሰባ ሦስት ዓመት ሰው ስሆን፣ በዚህ ሜዳ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ቆሜያለሁ። ቆሜያለሁ ያልኩት አውቄ ነው፤ ምቾት የሚፈልግ ሰው በሰባተኛው የሊግ እርከን የሚጫወት ቡድን አይደግፍም። እርስዎ ባለፈው ሐምሌ ክለቡን ከገዙ ወዲህ የዋሉልን ውለታ ብዙ ስለሆነ፣ እንዳይደባለቅብኝ በተራ ቁጥር ላመስግንዎ።

አንደኛ፣ ስለ ሜዳው ስም። አያቶቻችን ክሌይ ሌን ሲሉት የኖሩት ሜዳ በእርስዎ ትጋት የአንድ ቁም ሳጥን ፋብሪካ ስም ወጥቶለታል። በኅዳር ወር ሊገጥሙን የመጡት ደጋፊዎች አዲሱን ስም ስልካቸው ላይ ጽፈው ፋብሪካው ድረስ ሄዱ፤ በዕቃ መጫኛው በር ላይ ከበሮ ሲደበድቡ ቆይተው ዕረፍት ሊያልቅ ሲል ደረሱልን። በዚህም የተነሳ ቡድናቸው ያገባቸውን ሦስት ጎሎች ሳያዩ ቀርተዋል። እኛ ግን ሦስቱንም አይተናል።

ሁለተኛ፣ ስለ ሻዩ። ቀድሞ ሞሪን የምትባል ሴት ከሻይ ቤቷ መስኮት ብቅ ብላ «ስንት ስኳር ላድርግልህ የኔ ጌታ?» ትለን ነበር። ለአርባ ዓመት መልሱን እያወቀች ጠይቃናለች። አሁን ሻይ የሚታዘዘው በስልክ ስለሆነ የሚጠይቀን ስልካችን ሆኗል፤ ስልኩም ለእኔ ብቻ ሦስት ጊዜ «ትእዛዝዎ አልተሳካም» ብሎ በአክብሮት ነግሮኛል። ሞሪን ቅዳሜን ልብስ እየተኮሰች እንደምታሳልፍ ሰምቻለሁ።

ሦስተኛ፣ ወደ ዋናው ምስጋናዬ ልግባ። እርስዎ ከሌላ አገር፣ ማለቴ ከለንደን ስለመጡ፣ ማንም ሳይነግርዎ ቀርቶ ይሆናል እንጂ እኛ ጎል መቀየር የሚባል ልማድ አለን። ቡድናችን በሚያጠቃበት ጎል ጀርባ እንቆማለን፤ ዕረፍት ሲሆን ተጫዋቾቹ አቅጣጫ ስለሚቀይሩ እኛም ሜዳውን በመተላለፊያው ዞረን በሐዲዱ በኩል ካለው ከባቡሩ ጎል በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ወዳለው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጎል፣ ወይም ዕጣው እንደ ወጣ በተቃራኒው እንሄዳለን። እንግዶቹም በዚያው ሰዓት ከወዲያ ስለሚመጡ መሐል ላይ እንገናኛለን። «አባባ፣ ምርኩዝዎን ለአጥቂያችሁ ያውሱት እንጂ፣ ቆሞ መሄድ አቃተው!» ይሉናል። እኛም «አይዞህ ቀስ በል፣ በረኛችሁ እንኳ እንዲህ አልሮጠም!» እንላቸዋለን። በስድሳ ስድስት ዓመት ውስጥ በዚያ መተላለፊያ ሰው ሲመታ አላየሁም። አንድ ጊዜ ግን አንድ ሰው በእንግዳ ጀርባ ላይ ሻይ ደፍቶ፣ ሌላ ሲገዛለት አይቻለሁ።

ክሊፎርድ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረኝ። አባታችን የተቀበረው ቅዳሜ ቀን ነበር። ከቀብር መልስ ሰው ቤታችን ተሰብስቦ ሳንድዊች ሲበላ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ሲል ክሊፎርድ በጥቁር ኮቱ ላይ የክለቡን ሻርፕ ጠምጥሞ ወደ ጨዋታው ሊሄድ ወጣ። እኔም ሰው ሁሉ እየሰማ «ሂድ! ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም!» አልኩት። ያ ቀብር የሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ አባታችን ከክሊፎርድ ቀድሞ ይወጣ ነበር። ይህን ያሰብኩት ግን ማታ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ለመናገር አፈርኩ፣ እፍረቱም አሥራ አንድ ዓመት ቆየ።

ክሊፎርድም ከእኔ ጎን ላለመቆም ሲል፣ በተቃራኒው ጎል ከእንግዶቹ መካከል መቆም ጀመረ። ስለዚህ እኔ ጎል ስቀይር እሱም ይቀይራል፤ መሐል ላይ፣ መተላለፊያው በሚጠብበት በሞሪን መስኮት ፊት፣ ትከሻ ለትከሻ እንተላለፋለን። ሰላምታ የለም። እሱ የእኔን ጫማ ያያል፣ እኔም የእሱን አያለሁ። አዲስ ጫማ ሲገዛ አውቃለሁ። በጥቅምት ማነከስ ሲጀምር ከማንም በፊት ያወቅሁት እኔ ነኝ። ይህ ለእርስዎ ዝምድና ላይመስልዎ ይችላል፤ እኛ ግን በዓመት ሃያ አንድ ቅዳሜ የምንገናኝበት ሌላ መንገድ አልነበረንም።

እርስዎም በጥር ወር፣ ለደኅንነታችን ሲሉ፣ መሐሉን በብረት አጥር ዘጉልን፤ ቲኬታችንም የባቡሩና የቤተ ክርስቲያኑ ተብሎ ተለየ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ዕረፍት ሲሆን እግሬ እንደ ልማዱ ወሰደኝ። በአጥሩ በር ላይ የጥበቃ ቢጫ ጃኬት ለብሶ የቆመው ኪት አብሮኝ የተማረ ሰው ነው። «ዊልፍ፣ በናትህ አታስቸግረኝ፣ ቲኬትህ የባቡሩ ነው። ብከፍትልህ ነገ እኔንም ያባርሩኛል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልተቀየምኩትም።

ክሊፎርድ ከወዲያ መጣ። በጣም ከስቷል። አጥሩ ጋ ሲደርስ ጣቶቹን በሽቦው ቀዳዳ አስገብቶ ያዘና፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ፊቴን ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ተናገረ። እርስዎ በየምሰሶው ላይ ካሰቀሏቸው አዳዲስ ድምጽ ማጉያዎች አንዱ ከራሳችን በላይ ነበር፤ በዚያች ደቂቃ ፋብሪካው የሠራውን፣ ምንም ድምጽ ሳያሰማ የሚዘጋ መሳቢያ እያስተዋወቀ ነበር። የቀኝ ጆሮዬን ደግሞ የአውቶቡስ ሞተር ከወሰደው ቆይቷል። አልሰማሁትም። ዳኛው ፊሽካ ነፋ፣ እሱም ወደ ወገኑ ተመለሰ። በሚቀጥለው ጨዋታ እጠይቀዋለሁ አልኩ።

የሚቀጥለው ጨዋታ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር። ክሊፎርድ በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ለካ ሐኪሞቹ በመስከረም ነግረውት ኖሯል። ሚስትም ልጅም ስላልነበረው፣ ምን ሊለኝ ፈልጎ እንደነበር የምጠይቀው ሰው የለኝም።

አራተኛ፣ ክለቡ ለቀብሩ ስለላከው የአበባ ጉንጉን፣ ሪባኑም ላይ የፋብሪካው ስም ከወንድሜ ስም ከፍ ብሎ ስለተጻፈበት ከልብ አመሰግናለሁ። ቀብሩ ማክሰኞ ስለነበር ግጥሚያ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ እስከ መጨረሻው ቆየ። እኔ አላለቀስኩም። ሳህን አጠብኩ። ባለፈው ቅዳሜም ሜዳ መጥቼ ነበር፤ በዕረፍት ሰዓት ከቆምኩበት አልተነቃነቅሁም፣ ደንቡም ይኸው ስለሆነ የሚያስመሰግነኝ ይመስለኛል። አራት ለባዶ አሸንፈናል አሉኝ። እዚያው ነበርኩ፣ ግን የነገሩኝ ሌሎች ናቸው።

ከእርስዎ የምጠይቀው ምንም ነገር የለም። አጥሩን ያፍርሱልኝም አልልም፤ አሁን ማዶ የሚመጣልኝ ሰው የለም። ይልቅ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፣ ወንበርዎም ይሙቅልዎ፤ የሚወዱት ሰው ሲያናግርዎ ከራስዎ በላይ ያለው ሁሉ ጸጥ ይበልልዎ።

ለደኅንነቴ ስለተጨነቁልኝ ከምስጋና ጋር እጅ የምነሳ፣ የቲኬቱን ወገን የማይለቅ ታዛዥ ደጋፊዎ፣

ዊልፍሬድ ሄብደን
የባቡሩ ጎል

ግልባጭ፦
ለቁም ሳጥን ፋብሪካው
ለሞሪን

ማስታወሻ፦ ከላይ ያለውን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ የክለቡ ጸሐፊ ወይዘሮ ብሬንዳ ስላዘነችልኝ፣ በሩ ላይ ያለው የደኅንነት ካሜራ የቀዳውን አስወጥታ አሳየችኝ። አራት ጊዜ ተመለከትነው። ድምጽ የለውም። ክሊፎርድ አንዲት አጭር ነገር ይናገራል፣ ይጠብቃል፣ ደግሞ ያንኑ ይደግማል። ከዚያ እኔ፣ ያልሰማ ሰው ለጨዋነት እንደሚያደርገው፣ ራሴን በአዎንታ እነቀንቃለሁ። ይህን ማድረጌን አላስታውስም ነበር። እሱ ግን አይቶኛል፤ ፈገግ ብሎ ሄደ። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ወንድሜን በአንድ ነገር እሺ ብዬዋለሁ። ማስታወቂያው የእርስዎ ስለሆነ ምናልባት ከድምጹ አልፎ የሰሙት ነገር ካለ ይንገሩኝ፤ ቃሌን መጠበቅ እፈልጋለሁ።